የግራው ሳህን

የጎጃሟ ሮብ ገበያ ነጋዴውን ሐምዱ ያሕያን «ሌባ» ያለችው በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሰውዬው ከመቼውም ይልቅ ትክክል ነበር። በኋላ ሚዛኑ ሲበላሽ ጊዜ «እውነተኛው ሐምዱ» የሚል ስም አወጣችለት፤ እሱም ይህን ስም ይዞ ተቀበረ። ገበያ እንዲህ ነው፤ የሚሰጠውን ስም መዝኖ አይሰጥም።

የሐምዱ አባት ሚዛን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ሮብ ገበያ መለኪያ ቸግሯት አያውቅም። እንዲያውም ተርፏት ነበር። ራሱን የሚያከብር ቤት ሁሉ ሁለት ቁና ነበረው፤ አንዱ የሚገዛበት፣ አንዱ የሚሸጥበት። የሚሸጥበት ቁና ውስጡ በእበት ተለስኖ ተለስኖ የሚይዘው ገብስ ከሁለት እፍኝ ብዙም አይበልጥም። አቡጀዲ የሚለካው በክንድ ስለሆነ ብልህ ገዢ ከዘመዶቹ ክንደ ረጅሙን አስከትሎ ይሄዳል፤ ብልህ ነጋዴም ክንደ አጭር ወንድሙን ሱቅ አስቀምጦ ይጠብቀዋል። በርበሬ በእፍኝ ስለሚቸበቸብ እጀ ትንሽ ልጃገረድ ባል አታጣም ነበር። ዲማ ስንት ያስኬዳል ብሎ የጠየቀ መንገደኛ «እዚችው ናት» ይባልና ጀምበር እያዘቀዘቀችበት ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ ያም «እዚችው ናት» ይለዋል። ሁሉም ሁሉን እንደሚያታልል ሁሉም ስለሚያውቅ ገበያው በሰላም ውሎ በሰላም ይፈታ ነበር።

ጠላት ከወጣ ጥቂት ዓመት በኋላ ግን የሐምዱ አባት ያሕያ ከደብረ ማርቆስ ሁለት የነሐስ ሳህን ያለው ሚዛን በበቅሎ ጭኖ መጣ። ሳህኖቹ ከአንድ አግዳሚ ብረት ግራና ቀኝ በሰንሰለት የሚንጠለጠሉ ናቸው፤ አብረውም የብረት የሚዛን ድንጋዮች ነበሩ። አገሩ ሁሉ ተሸበረ። በጎጃም ምድር መለኪያ የያዘ ሰው በደኅና አይታይም፤ ስለ መሬት ልኬት ወሬ በነፈሰ ቁጥር ጠመንጃ ይወለወላል። አንድ የመንግሥት ሰው ካርታ ዘርግቶ የጮቄን ተራራ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ሲያሳያቸው፣ ሽማግሌዎቹ «ተራራውን እንዲህ ያደረገ የኛን ማሳማ ምን ሊያስቀረው ነው!» ብለው አኩርፈው ተነሥተዋል። እናም ያሕያ የቡናና የስኳር ሱቅ ከፍቶ ሚዛኑን ሲሰቅል «ዛሬ ቡናውን፣ ነገ መሬቱን!» አሉት። ከዚያ ግን ቡናው ርካሽ ስለነበረ ገዙት። መርሕ ማለት እንዲህ ነው።

ያሕያ ሲሞት ለልጁ የተወለት ብዙ አልነበረም። «ልጄ፣» አለው፣ «ገበሬ በማሳው ይጠየቃል፣ ዳኛ በፍርዱ ይጠየቃል። እኔና አንተ የምንጠየቀው በዚህች ብረት ነው። አላህ ፊት ስቆም አታሳፍረኝ።» ሐምዱ ያን ጊዜ ገና ጢሙ ማቀምቀሙ ነበር። ቃሉን እንደ ውርስ ተቀበለው፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ።

ችግሩም ይኸው አለመጨመሩ ነበር። ሐምዱ ቡና ሲመዝን የሚዛኑ አግዳሚ ቀጥ እስኪል ድረስ ትንፋሹን ይውጣል። አንዲት ፍሬ ከበዛች አንሥቶ ወደ ጆንያው ይመልሳታል፤ አንዲት ፍሬ ካነሰች ከጆንያው አውጥቶ ይጨምራታል። ምርቃት የሚባል ነገር ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። ሌላው ነጋዴ አጉድሎ ይሰፍርና ሲጨርስ «እንካችሁ፣ ለልጆች» ብሎ እፍኝ ያክላል፤ ገዢም መርቆት ይሄዳል። ሐምዱ ግን ምሉውን መዝኖ በባዶ እጁ ያሰናብታል። «የምሰጣችሁ ሐቃችሁን ነው፤ ከሐቅ በላይ ምን አለ?» ይላል። ሰዉ ግን ከሐቅ በላይ እፍኝ በርበሬ እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ከሱ ይገዛል፣ ሁሉም ያማዋል። ሚስቱ ነፊሳ «የቀድሪያ አባት፣ አንድ ቀን እንኳ ትንሽ ቆንጠር አድርገህ ብትጨምርላቸው ምን አለ? ሰው ይወድህ ነበር እኮ» ትለዋለች። እሱም «ሚዛን ለመወደድ አይሰቀልም» ይላታል። ይህን ሲናገር ደረቱን ትንሽ ነፋ ያደርጋል፤ ትሑት ሰው ነበር ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ጣጣው የመጣው በፋሲካ ነው፤ ጣጣ ደግሞ በበሬ ይመጣል።

የሐምዱ ጎረቤት አንሙት የሚባል ገበሬ ነበር። አጥራቸው አንድ ነው፤ ያሕያ የሞተ ጊዜ ከክርስቲያኖቹ መሐል ቀድሞ የደረሰ እሱ ነው፤ ሐምዱም ይህን አይረሳም። አንሙት በየፋሲካው ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ በሬ ለቅርጫ ይገዛል። ቅርጫ ማለት በሬው ታርዶ፣ ተቆራርጦ፣ ከሻኛው ከጉበቱ ከጎድኑ ለእያንዳንዱ መደብ ትንሽ ትንሽ ተደርጎ፣ ዓይን «እኩል ነው» ሲል ዕጣ የሚጣልበት ነገር ነው። ባለፈው ዓመት የአንሙት መደብ ሳንባ በዝቶበት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ይህን ሳንባ ሲያላምጥ ከረመ። በሰሙነ ሕማማት ወደ ሐምዱ ሱቅ መጣ።

«ሐምዱ ወንድሜ፣ ሚዛንህን ለፋሲካ ጧት አውሰኝ።»

«ሥጋ ልትመዝኑበት?»

«እና ምን፣ ጸሎት?»

«አይሆንም አንሙት። የናንተ ሥጋ ነክቶት የኛ ሰው እንዴት ይገዛበታል? ታውቀዋለህ።»

አንሙት ብልጥ ነው፤ አልተለማመጠም። ተክዞ ቆመና «እውነትህን ነው» አለ። «እኔማ የተመኘሁት፣ በዚህ አገር ሐሰት የማያውቅ ነገር ቢኖር ያንተ ሚዛን ብቻ ስለሆነ ነው። እንግዲህ በዓይን እየተሸዋወድን እንኑር።»

ሐምዱን በገንዘብ መግዛት አይቻልም፤ በልመናም። በሚዛኑ ሲያመሰግኑት ግን እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ሳህኖቹ ላይ ኮባ ቅጠል አንጥፈው እንዲመዝኑ፣ ደም ጠብ እንዳይልበት አስምሎ ሰጠው። በቅጠል ሃይማኖትን ከሃይማኖት መለየት የሚቻል መስሎት ነበር፤ ያን ያህል የዋህ ነበር።

የፋሲካ ጧት ሥጋው ተመዘነ። ሚዛን እያለ መሰባጠሩ ምን ያደርጋል ተባለ፤ ከሻኛው ከጎድኑ እያሉ ለየመደቡ ማዳረሱ ቀረ፤ የተገኘው ሁሉ እየተጫነ ክብደቱ ልክ ሲመጣ «እኩል!» ተባለ። ዕጣ ተጣለ። ለአንዱ ጭን ወጣለት፣ ለአንዱ ጎድን ወጣለት፤ ለአንሙት መንጋጋና ሁለት ጉልበት ወጣለት። ክብደቱ ከማንም አያንስም። አጥንት ሲመዝኑት ከባድ ነው።

«ይኼ ፍርድ ነው?» አለ አንሙት።

«ሚዛኑ ነው ያለው!» አሉት። «ሐሰት አያውቅም ስትል አልነበረም?»

አንሙት መንጋጋውን አንሥቶ በሙሉ ኃይሉ ሚዛኑን መታው። የግራው ሳህን ጠርዙ ተሸርፎ ወደቀ፤ ጮማ የነካው ስብርባሪ ስለነበረ አንድ ውሻ ላፍ አድርጎት እብስ አለ። ኮባውም፣ ደሙም፣ መሐላውም አንድ ላይ ተደበላለቁ። በማግስቱ አንሙት ሚዛኑን አጥቦ፣ በጋቢው ሸፍኖ መለሰና «ትንሽ ተነክቷል፤ ስብርባሪውን ውሻ ወሰደው» ብሎ ለሐምዱ አስረክቦ ሄደ።

ሐምዱ ሚዛኑን ባዶውን ሰቀለው። አግዳሚው ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። የግራው ሳህን ቀሎ ነበር። ሰው ጠርቶ «የአባቴ ሚዛን ተጎዳ» ማለት ነበረበት፤ አላለም። አፈረ። ከሱቁ ትንሽ የንብ ሰም ቆርሶ ከግራው ሳህን ሥር ለጠፈ፤ ቆርጦ ጨምሮ፣ ቀንሶ፣ አግዳሚው ቀጥ እስኪል ድረስ ደከመ። ሚዛኑ እውነተኛ ሆነ። ለማንም አልተናገረም።

ከሁለት ቀን በኋላ የሮብ ገበያ ቀን ነበር፤ ሱቁ ግን ጭር አለ። እመት ሀጀራ፣ በሙስሊሙ ሰፈር አንደበታቸው የሚፈራ አሮጊት፣ በር ላይ ቆመው ሚዛኑን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ ሐምዱ፣ ሚዛንህ ክርስትና ተነሥቷል አሉ። እውነት ነው?»

«እመት ሀጀራ፣ ቅጠል ነበረበት—»

«ቅጠልህን እዚያው ብላው» አሉና ሄዱ።

ክርስቲያኖቹም አልመጡም። ሥጋቸው የእስላም ሚዛን እንደነካ ቄስ አካለ ወልድ ሰምተው ኖሮ የበሉትን ሁሉ ገሥጸዋቸዋል። ቄስ አካለ ወልድ ዲማ የተማሩ ናቸው፤ ሲቆጡም በዕዝል ዜማ ይመስላል። ንስሐ ሊሰጧቸው ፈልገው ጾም እንዳያዙ በዓለ ሃምሳ ሆነባቸው፤ ስግደት እንዳያዙ እሱም በዓለ ሃምሳ ሆነባቸው። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ እንዲሸከሙ አዘዙ። ሰዎቹ ድንጋዩን በተሸከሙ ቁጥር የሚራገሙት አንሙትን ሳይሆን ሐምዱን ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ሐምዱ ሼህ ሙነወር ዘንድ ሄዶ ተማጠነ። ሼሁ ደግ ሰው ናቸው፤ መጥተው ሚዛኑን ሰባት ጊዜ አጠቡት፣ አንዱን በአፈር። በሚቀጥለው ገበያ ሙስሊሞቹ ተመለሱ። ክርስቲያኖቹ ግን «ድሮስ ድሮ ነበር፤ አሁንማ ጭራሽ አሰለሙት» ብለው ቀሩ። አንሙት ጸጸት ቢጤ ያዘውና ቄስ አካለ ወልድን ለምኖ አመጣ፤ ጠበል ተረጨበት። ክርስቲያኖቹ ተመለሱ፣ ሙስሊሞቹ ወጡ። ሼሁ እንደገና አጠቡት። ቄሱ እንደገና ረጩት። ግንቦት እስኪያልቅ ድረስ በጠቅላይ ግዛቱ ውስጥ እንደዚያ ሚዛን የጸዳ ነገር አልነበረም፤ ሰዎቹም ቢቆጠሩ እንኳ። ሐምዱም ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ሰሙን ይለጥፋል።

መላውን ያመጣችው ነፊሳ ናት። «ሳህኑ እኮ ሁለት ነው» አለች። «ቀኙ ለኛ፣ ግራው ለነሱ ይሁን። የኛ ሰው ሲገዛ ቡናው በቀኝ፣ ድንጋዩ በግራ፤ የነሱ ሲገዛ ቡናው በግራ፣ ድንጋዩ በቀኝ።» ሐምዱ ተደነቀ። የሚዛን ድንጋዮቹስ ከወዲያ ወዲህ ሲሉ? ለሁለቱ ሊቃውንት ቀረበላቸው። ቄስ አካለ ወልድ «ብረት አይቆርብም» አሉ፤ ሼህ ሙነወር «ብረት አይሰግድም» አሉ። ሌላ ሌላው ላይ ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች ብረት ላይ ተስማሙ።

ገበያው ደራ። ሐምዱም ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሥራነሽ የምትባል ጠጅ ሻጭ ቡና ልትገዛ መጣች። ሥራነሽ ጌሾም ማርም የምትመርጥበት ዓይን አላት፤ አንዲት የቡና ፍሬ ስታመልጣት ጎንበስ ብላ ልታነሣ ስትል ቀና ብላ የግራውን ሳህን ሥር አየች።

«ኡኡ!» አለች። «ሰም! ሳህናችን ሥር ሰም ለጥፎበታል!»

ሰም ከሳህን ሥር መለጠፍ የሌባ ነጋዴ የቆየ ጥበብ ነው፤ ዕቃው የቀለለውን ያህል ሰሙ ይከብድለታል። ይህን የማያውቅ ሰው ሮብ ገበያ ውስጥ አልነበረም፤ የሚያውቁት ደግሞ ስለሚሠሩበት ነው። ሁለት ቁና ያላቸው ሰዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። «ሌባ!» አሉ። የሁለት ቁና ባለቤት ሲቆጣ እንዴት እንደሚያምርበት!

ነገሩ ዳኝነት ከሚታይበት የኮሶ ዛፍ ሥር ለቄስ አካለ ወልድና ለሼህ ሙነወር ቀረበ። ሐምዱ ከፊታቸው ቆመ።

«አባቶቼ፣ ሳህኑ ተሸርፎ ቀሎ ነበር። የጎደለውን ነው የሞላሁት።»

«መቼ ተሸረፈ?» አሉ ቄሱ።

«በፋሲካ።»

«እስከዛሬ ለምን አልተናገርክም?»

ሐምዱን አፍሬ ነው ማለት ሰረቅሁ ከማለት ከበደው። ዓይኑን አንሥቶ አንሙትን ፈለገ። አንሙት ከሕዝቡ መሐል ነበር። አፉን ቢከፍት ሚዛኑን በመንጋጋ የመታ ሰው መሆኑ ቄሱ ዘንድ ሊታወቅ ነው፤ ለሱም፣ ያን ጧት አይተው ዝም ላሉት የቅርጫ ጓደኞቹም ሌላ ድንጋይ መሸከም ሊመጣ ነው። በዱላው ጫፍ መሬቱን ይጭር ጀመር፤ በጣም አስፈላጊ የሆነ ነገር እዚያ የተቀበረ ይመስል። ሐምዱ ያን ቀን ካዘነበት ነገር ሁሉ ይህ በለጠበት። የአባቱን ሬሳ ሲያነሡ አብሮት ያለቀሰ ሰው ነበር።

«ሰሙን አንሡና እዩት» አለ በመጨረሻ። «በአላህ! አንሡትና እዩት!»

ሰሙ ተነሣ። አግዳሚው ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። «ይኸው፣ ልክ አይደለም፤ ለዚህ ነው ሰሙ» አለ ሐምዱ። ሥራነሽ ግን ለሊቃውንት ክርክር ጊዜ አልነበራትም። «ቡናዬን እንደገና መዝንልኝ» አለች። ቡናው በግራው ሳህን ላይ ተደረገ፤ ድንጋዩ ከወዲያ። አልበቃም። ተጨመረ። አልበቃም። እፍኝ ተጨመረ። ያን ጊዜ አግዳሚው ቀጥ አለ።

«ቀና!» አለች ሥራነሽ። ሕዝቡም «ቀና! ቀና!» አለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ቄስ አካለ ወልድ፣ ሼህ ሙነወርም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ነገር እንደ ተፈጥሮው ይሁን» አሉ። ከእንግዲህ ማንም በሚዛኑ ላይ አንዳች እንዳይለጥፍ፣ ቀጥቃጭም መዶሻ እንዳያሳርፍበት ተወሰነ። ሐምዱ «ተፈጥሮውን እኮ ውሻ ይዞት ሄዷል!» ቢል የሰማው የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው ሮብ ገበያን አያውቃትም።

ከዚያ ወዲያ በግራው ሳህን የሚገዙት ትርፍ፣ በቀኙ የሚገዙት ጎደሎ ይዘው ይሄዱ ጀመር። ሐምዱ ሱቁን ሊዘጋ አሰበ። ነፊሳ «ቀድሪያን ምን ልታበላት? ሐቅህን?» አለችው። አልዘጋም። ግን የጎደለባቸው ሰዎች ነገር አላስቆመው አለ፤ ገበያ ከተፈታ በኋላ ቡናና ስኳር በጨርቅ ቋጥሮ በየሙስሊሙ ቤት ይዞር ነበር። እመት ሀጀራ ቋጠሮውን ተቀብለው ደነገጡ።

«ምንድነው ይሄ? ምርቃት? ሐምዱ፣ ደኅና ነህ ልጄ? አመመህ እንዴ?»

«ሐቅዎ ነው እመት ሀጀራ። በቀኙ ሳህን ጎድሎብዎታል።»

አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ብዙ አሰቡ። በሚቀጥለው ሮብ ሱቁ መጡና፣ ሐምዱ ስኳራቸውን በቀኝ ሊያደርግ ሲል እጁን ያዙት።

«በዚያኛው።»

«እመት ሀጀራ፣ እሱ እኮ የክርስቲያን ነው።»

«ነሐስ ነው ልጄ፣ ነሐስ።»

ከሳቸው በኋላ ምኑ ይነገራል! የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ነው። አንድ በአንድ ሁሉም ወደ ግራ ዞረ። በመጨረሻ ሼህ ሙነወር ራሳቸው መጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰማዩን አዩ። «ሐምዱ፣ ያችኛዋ ሳህን… ታጥባለች አይደል?» አሉ። «ሰባት ጊዜ፣ በርስዎ እጅ» አላቸው። «እንግዲያስ» አሉ። አጠገባቸው ቄስ አካለ ወልድ ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ እሳቸውም ምንም አላዩም። ከፋሲካ እስከ ክረምት ሁለት ሃይማኖት ያናወጠ ነገር በእፍኝ ስኳር ጸጥ አለ። አንሙትም ይመጣል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ በግራ ያስመዝናል፤ ስለ በሬ አያነሣም።

ያን ጊዜ ነው ሰው ሐምዱን መውደድ የጀመረው። «እውነተኛው ሐምዱ» አሉት። ከጉንደ ወይን ድረስ ይመጡ ነበር፤ «የሮብ ገበያው ሚዛን ደግ ነው» እየተባለ። ነፊሳ እየሳቀች «ምርቃት አልሰጥም ብለህ ነበር፤ ይኸው ሚዛንህ ካንተ ቀድሞ ሰጠልህ» አለችው። ሐምዱ አልሳቀም። ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። «አባቴን ምን እለዋለሁ?» አላት፤ «ልክ የነበርኩ ጊዜ ሌባ አሉኝ። አሁን በየቀኑ እዋሻለሁ፣ በየቀኑ ይመርቁኛል። እኔስ አላህ ፊት በየትኛው ሳህን ነው የምቆመው?» ነፊሳም ሳቋን ተወች።

ሐምዱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ሚዛኑም በፍርዱ መሠረት ማንም ሳይነካው ኖረ። የቀኙ ሳህን ግን ፈጽሞ ሥራ አልፈታም። ለገዛ ቤቱ ቡናና ስኳር ሲያወጣ ሐምዱ የሚመዝነው በሱ ነበር፤ ከሱ በቀር ማንም በማይፈልገው ጎደሎ ሳህን፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አግዳሚው ቀጥ እስኪል ድረስ። ነፊሳም እስክትሞት ድረስ ለጎረቤቶቿ «አገሩን ሁሉ አጥግቦ እኔን ያጎድልብኛል፤ ሌባ!» እያለች ስሞታ ታቀርብ ነበር። የሰማት ሁሉ ይስቅባት ነበር፤ እውነተኛውን ሐምዱ እንዲህ ትለዋለች ብሎ።